በመርፌ የተነቀሱ ካርታዎች

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ልብስ ሰፊዋ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ አራቱን ወንበሮች ቦታ ቦታቸው አቁማ፣ ክርና ቁልፍ ከምታስቀምጥበት መሳቢያ የመጫወቻ ካርታውን ታወጣለች። ይህን ማድረግ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ግን መሳቢያውን ከመሳቧ በፊት በሩን ታዳምጣለች። የራሷን ካርታ የሰው ዕቃ የሰረቀች ይመስል በፍርሃት ነው የምታነሳው።

ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ተጋድሞ ይተኛበታል። የደንብ ልብስ ስትሰፋበት የኖረችው ድርጅት ሲዘጋ ማሽኖቹን ነጋዴ ጭኖ ሄደ፤ ጠረጴዛው ግን በበር አልወጣ ብሎ ሰው ሲያስቸግር «እኔ አወጣዋለሁ» ብላ እግሮቹን ፈትታ ቤቷ አስገባችው። ጠርዙ ላይ የተቸነከረው የብረት ሜትር ዛሬም አለ። የጨዋታ ጓዷ ፖስታ በተሸነፉ ቁጥር ጣቱን በሜትሩ ላይ እያስኬደ «ዛሬስ በስንት ሳንቲ ሜትር ተበለጥን?» ይላል።

ፖስታ ደብዳቤ አዳይ ነበርና ስሙ እንደ ቦርሳው ማሰሪያ ትከሻው ላይ ቀረ። ጡረታ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ አሁንም በር አያንኳኳም። በሩ ላይ ያለችውን የደብዳቤ ማስገቢያ ክዳን በአንድ ጣቱ ቀጭ ቀጭ ያደርግና «አለሽ፣ እመቤት?» ይላታል። መቀመጫው ከእሷ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። ከሱ ቀጥሎ ፍሬን ይመጣል። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አንድም ሰው ሳይነካ የተሰናበተ ሹፌር ነው። ካርታም ላይ ያው ነው፤ አንዲት ተራ ካርታ ለመጣል ግራውን ያያል፣ ቀኙን ያያል፣ ከኋላ የሚመጣ እንዳለ ያጣራል።

«እለፍ እንጂ፣ መንገዱ ተለቆልሃል» ይለዋል ፖስታ።

«ቸኩሎ የደረሰ የለም፣ ቸኩሎ የቀረ ግን አውቃለሁ።»

የፍሬን ጓድ ሲስተር ናት። ነርስ ነበረች። የሕፃንም ይሁን የሽማግሌ፣ ሌላ ሰው ፈልጎ ያጣውን ደም ሥር ሲስተር ዓይኗን ወደ መስኮት አዙራ በጣቷ ታገኘዋለች ይባልላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ድሮ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን የሲስተርን ጣቶች ካርታው ላይ ባየች ቁጥር ሻይ ጠጪ ትላታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሲስተር በፊት በዚያች ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበሩት መምህር የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ደግ ሰው፣ ሲያሸንፉ ይቅርታ የሚጠይቁ። በኋላ የወጣውንና ያልወጣውን ካርታ መለየት አቃታቸው፤ ፍሬን ዝም ብሎ እየተሸነፈ ከረመ። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ሻይ ቀድታ፣ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ፣ «መምህር፣ ዛሬስ አረፍ ብለው ይመልከቱን» አለቻቸው። በቀና ልብ ነው ያለችው። መምህሩም «አዎ፣ ማየትም መጫወት ነው» አሉ። ሦስት ቅዳሜ አዩ። በአራተኛው ቀሩ። ማንም ሄዶ የጠየቃቸው የለም፤ ደክሟቸው ይሆናል ተባለ። በዚያው ክረምት ሞቱ። ያቺ «አረፍ ብለው» ያለቻት ቃል ይኸው እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ አለች።

ታዲያ የመድከም ተራው ወደ እሷ ሲመጣ ለማን ትናገር? በመጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋት። ይሄ የዕድሜ ነው ብላ ተወችው። ቀጥሎ ፊት ለፊት ያየችው ነገር ሁሉ መሐሉ እየጠፋ ዳሩ ብቻ ይቀርላት ጀመር፤ ፖስታን ስታየው ጆሮዎቹ አሉ፣ ኮሌታው አለ፣ አፍና አፍንጫው የለም። ሐኪሙ በመብራት አይቶ «የዓይን ሞራ ቢሆን እንገፍፈው ነበር፤ የደከመው ግን ከዓይንሽ በስተኋላ ያለው ክፍል ነው» አላት። «ይብስብኛል?» አለችው። «ቀስ እያለ» አላት። ሰው አክባሪ ነበርና በር ድረስ ሸኛት።

ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ አብራት ለምትኖረው የልጅ ልጇ እንኳ። ቤቱን በእጇ ታውቀዋለች፣ መንገዱንም በእግሯ። ካርታው ነው ያስቸገራት። ካርታ ደግሞ መሐሉን ነው የሚያሳይሽ፤ ዳሩ ነጭ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የልጅ ልጇ ሥራ ከሄደች በኋላ፣ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ሐር የምትሰፋባትን ቀጭን መርፌ አወጣች። ድርጅቱ ውስጥ እያሉ ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ፣ ቅዱን፣ በጠመኔ ምልክት አያደርጉበትም ነበር፤ ጠመኔ ይጠፋል። በመርፌ ይበሱታል፤ አንድ ብስ የፊት፣ ሁለት ብስ የጀርባ፣ ሦስት የእጅጌ። መቶ ቅድ ተደራርቦ በጨለማ ቢሰጣት በጣቷ ትለየው ነበር። እንግዲህ ካርታውንም እንደ ቅድ አደረገችው። በረጅሙ ጠርዝ ቁጥሩን፣ በአጭሩ ጠርዝ ዓይነቱን፣ ከጀርባው እየወጋች በፊቱ በኩል የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል እብጠት አስቀረችበት። አምስትን በሁለት የተጣበቁ ነጥቦች ተካችው፤ አለበለዚያ ዘጠኝና ዐሥር ሲቆጠሩ ይመሻል። አንዱን አንስታ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስታደርገው ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። «ጎበዝ» አለች ለራሷ። ያን ቀን ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፤ የያዝኩትን ልወቅ፣ በዚህ ማን ይጎዳል?

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ እንደ ሠርግ ነበረች። እጇ ውስጥ ያለውን ሁሉ አነበበች፤ እነሱም የጣሉትን ሲጥሉ እንደ ልማዳቸው ይጠራሉ፣ «ንጉሥ!» «ሰባት!» እያሉ። ፖስታ ሜትሩን መታ መታ አድርጎ «እመቤት ዛሬ ተወልዳለች» አለ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ካርታ የማደል ተራ የእሷ ሆነ። በወዘች፣ ማደል ጀመረች። አውራ ጣቷ ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶቿ ከሥር። ለፍሬን የመጀመሪያዋን ስትሰጠው ጣቶቿ ንግሥት አሉ። ለፖስታ፣ ሦስት። ለሲስተር፣ ዐሥር። አላሰበችውም፣ አልፈለገችውም። ጣት ደግሞ እንደ ዓይን አይጨፈን ነገር። አድላ ስትጨርስ ሦስቱ የያዙት ሁሉ ፊቷ ላይ የተዘረጋ ያህል ሆነላት፤ ሁሉም ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ደብቀው፣ ፍሬን ደግሞ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በመዳፉ ሸፍኖ። ያን ጊዜ ነው የሠራችው የገባት።

ምን ታድርግ? ማደል ትታ «እጄን አሞኛል» ትበል? ሲስተር እጇን ይዛ መገጣጠሚያዋን ልትመረምር ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረች፤ እሷ ባደለች ቁጥር ሆን ብላ መሸነፍ። ማሸነፊያው ካርታ እያላት ተራውን ትጥላለች፤ ፍሬን ንግሥት እንደያዘ እያወቀች ንግሥቷ አፍ ውስጥ ትገባለች። እንዲህ ካደረግሁ ከሌብነቱ ነጻ ነኝ ብላ ነው። ሌባ የሰረቀውን መልሶ ቢያስቀምጥ ሌባ ይባላል ወይ? አንዳንዴ ማሽኗ ላይ ቁጭ ብላ ይህንኑ ስታስብ የምትረግጠው እግሯ ይቆማል።

ፖስታ ግን ምኑን ያውቃል። «እመቤት፣ ንጉሡን ለመቼ አስቀምጠሽው ነው? ለልጆችሽ ልታወርሺው?» ይላታል። በሳቅ ጀመረ፤ በሁለት ወሩ ሳቁ ቀረ። በሦስተኛው ወር እሷ ስታድል ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት ዓይኗን ወደ ጎን ዘወር አድርጋ ተመለከተችው። ድሮ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ጆሮው ይቀላ ነበር፤ በዚያ ነበር የምታውቀው። የጠረጴዛ ጨዋታ ጣዕሙ ይሄ አልነበር? የሰውዬውን ጆሮ ማየት፣ ትንፋሹን መስማት፣ ወንበሩ ሲንቋቋ። አሁን ጆሮው ይቅላ አይቅላ ለሷ አንድ ሆኗል፤ እያንዳንዱን ካርታውን ታውቀዋለችና።

የልጅ ልጇ ደግሞ በሌላ ክፍል ሌላ ጨዋታ አላት። ቀን ቀን ስልክ እየመለሰች፣ ማንነቱን የማታውቀው ሰው ሲቆጣት ትውላለች፤ ቤት ስትገባ ጫማዋን ወርውራ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ጆይስቲኳን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። ልብስ ሰፊዋ ድሮ ይህን አትወድም ነበር። ከግድግዳ ጋር የምትጨቃጨቅ ይመስላት ነበር። «ጨዋታ እንኳ ሰው ይፈልጋል፣ ልጄ» ትላት ነበር። «ሰው እኮ ነው እማማ፣ አራት ነን» ትላታለች ልጅቷ። እውነትም ነበሩ፤ ስማቸው ጭስ፣ ጥላ፣ ምስማር፤ እንደ እነ ፍሬን በቅጽል ነው የሚጠራሩት። አንድ ጊዜ ምስማር አራት ቀን ሲጠፋባቸው ሦስቱ ከየአገሩ ተጠራርተው፣ የእህቱን ስልክ ፈልገው፣ ሆስፒታል አገኙት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ክሯን አስቀምጣ ሰማቻት። መምህሩ ትዝ አሏት። ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ልጆች ተፈላለጉ፤ እኛ ሁለት መንገድ ተሻግረን የምንደርስባቸውን ሰውዬ ሳንፈልግ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ስለ ጌም ክፉ አልተናገረችም።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጅቷ ማዳመጫዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጣለችው።

«አባረርነው» አለች።

«ማንን?»

«ጭስን። ስድስት ወር አብሮን ሲጫወት ግድግዳ አሳልፎ ያየን ኖሯል። እንዲህ የሚያደርግ ነገር አለ፣ ትጭኚበታለሽ፤ ከግንቡ ጀርባ ማን እንደተደበቀ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። እኛ ጉድጓድ ውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን እሱ ያየናል። ያስቃል እኮ።»

ያስቃል ትበል እንጂ ድምፅዋ የሚስቅ ሰው ድምፅ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን የሸሚዝ ቁልፍ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ምናልባት ዓይኑ ደካማ ሆኖ ይሆናል።»

«እማማ ደግሞ፣ ግንብ አሳልፎ የሚያይ ሰው ምኑ ደከመ? ዓይኑ የደከመውስ ጥላ ነው። ምንም አያይም ማለት ይቻላል፤ በእግር ኮቴ ድምፅ ነው የሚጫወተው። ድምፁን የሚያጎላለት ነገር አለው፣ እንዲያውም ከኛ ይበልጣል አንዳንዴ።»

«እሱንስ አላባረራችሁትም?»

«ለምን እናባርረዋለን? የመጀመሪያ ቀን ነው የነገረን። ‹እኔ በጆሮዬ ነኝ፣ ዝም በሉልኝ› አለን፤ አለቀ።» ልጅቷ ማዳመጫውን አንስታ ገመዱን ጠመዘዘችው። «የጭስ የሚያበሽቀኝ ምኑ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለካ ስድስት ወር ሙሉ አልተጫወተም። እኛ ነን የተጫወትነው፣ እሱ ሲያየን ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ስትተክል በተሳሳተ ጎን ተከለችው። ፈትታ እንደገና ተከለችው።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ብቻዋን መጣች። ሐሙስ መጥታ አታውቅም። ቀሚስ ላሳጥር ብላ ነው የመጣችው፤ ቀሚሱ ግን ልኳ ነበር። ሻይ ተቀዳ። ሲስተር ብርጭቆውን ስታዞር ስታዞር ቆየችና፣

«እህቴ፣ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ጨዋታው እኔ ቤት ቢሆንስ? እዚህ አንቺን ማድከም ሆነ፤ ወንበር ማንሳት፣ ሻይ ማፍላት» አለች።

«ወንበር ማንሳት ይገድላል እንዴ?»

«አይገድልም። ካርታም አታምጪ፣ እኔ አዲስ ገዝቻለሁ። ወንድሜም ጡረታ ወጥቶ ሥራ ፈትቷል፤ እሱ በአንቺ ቦታ ገብቶ፣ አንቺ ደግሞ...» ሲስተር ሻይዋን ቀመሰች። «አንቺ ደግሞ አረፍ ብለሽ ትመለከቺናለሽ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ መምህሩ ሦስት ቅዳሜ የተቀመጡበት ቦታ ያው መስኮቱ ሥር ነው። «ፖስታስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«አልነገርነውም። ግን ሲያዝንልሽ እናያለን። አእምሮዋ ደክሟል ብሎ ለፍሬን ነግሮታል። በክፋት አይደለም።»

ሲስተር ከሄደች በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን መንገዶች ቅድ እንደምትዘረጋ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ዝም ብትል፣ አእምሮዋ የደከመ፣ ግን የተከበረች አሮጊት ሆና መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ ሻይ ይቀዳላታል፣ በአራተኛው ቅዳሜ ትቀራለች። ብትናገር፣ አእምሮዋ ሙሉ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን አጭበርባሪ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አምነው መሳቢያዋ ውስጥ ያስቀመጡትን ካርታ የነቀሰች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ዓርብ ሙሉ ስታስብ ዋለች። ሳህኗን ሳትነካ ገፋችው። ልጅቷ «አሞሻል?» ስትላት «የለም፣ ሰው ይመጣብኛል» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ ሰው የሚመጣው ሁልጊዜ ነውና።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደብዳቤ ማስገቢያዋ ክዳን ቀጭ ቀጭ አለች። ሦስቱም ተቀመጡ። ተራው የፍሬን ነበር፤ ካርታውን ሊበውዝ ሲያነሳ ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ካርታው ላይ ጫነችበት።

«ቆይ። ፍሬን፣ አንዷን ስጠኝ፣ ገልብጠህ። እኔም አላየው፣ አንተም አታሳየኝ።»

«አስማት ጀመርሽ፣ እትዬ?» አለ ፍሬን። ግን ሰጣት።

ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ ዳሰሰችው። «ጥቁር ልብ፣ ስምንት» አለችና ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ስምንት ነበር። ሁለተኛ ጠየቀች፤ ንግሥት። ሦስተኛ ስትጠይቅ ፖስታ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ዓይኗን፣ ሐኪሙን፣ ማክሰኞ ጠዋትን፣ መርፌዋን። ስታድል የሁሉንም እጅ እንደምታውቅ፣ በዚያም የተነሳ ሆን ብላ እንደምትሸነፍ። ምንም አላስቀረችም። 

ፍሬን አንዷን ካርታ አንስቶ ጠርዟን በአውራ ጣቱ አሻሸ። መሪ ሲጨብጥ የኖረ ጣት ነው። «እኔ ምንም አይሰማኝ» አለ።

«እኔ ይሰማኛል» አለች ሲስተር ቀስ ብላ። «አንድ ወር ሆኖኛል ካወቅሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ድምፅዋ ዞረች። «አውቀሽ ነው ቤትሽ ይሁን ያልሽኝ?»

«አዲስ ካርታ ከመጣ ነገሩ በዚያው ይቀበራል ብዬ ነው። ሰው ፊት ከምትዋረጂ። አትቀየሚኝ፣ ለማሸነፊያ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ትሸነፊያለሽ፤ ግራ ገባኝ።»

ፖስታም አንዷን ካርታ አንስቶ ዳሰሰና ተነሳ። ወንበሩ ወደኋላ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሷም ታውቃለች» አለ። «እኔ ነኝ ቂሉ። አምስት ወር ሙሉ፣ እመቤት። አምስት ወር ሙሉ ካርታዬን ደረቴ ላይ ደብቄ ሳስብ፣ ሳሰላ፣ ቤቴ ገብቼ ‹የት ላይ ነው የተሳሳትነው› እያልኩ። አእምሮዋ ሄደ ብዬ ስፈራልሽ። ብቻዬን ስጫወት ነው የከረምኩት በይኛ።»

«ለናንተ ስል፣ እንዳልሰርቃችሁ...»

«ለኔ ስትይ ብታሸንፊ ይሻል ነበር። ሌባ ጓድ ይሻላል፣ ከሚያዝንልኝ ጓድ።»

ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። እጁ ውስጥ የነበረችውን ካርታ እንኳ አላስቀመጣትም፤ ይዟት ሄደ። ፍሬንና ሲስተር ትንሽ ተቀምጠው እነሱም ወጡ፤ ፍሬን በሩ ላይ ግራ ቀኙን አይቶ «እንግዲህ...» ብሎ ሄደ። ማንም የሚመጣውን ቅዳሜ አላነሳም።

ያቺ ሳምንት እንደ ጨርቅ ተለጥጣ ረዘመች። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ካርታዎች ስትቆጥር ሃምሳ አንድ ሆኑባት፤ የጎደለችውን በጣቷ ለየቻት፣ የቀይ ልብ ዘጠኝ። ደብዳቤ ማስገቢያዋ በነፋስ በተነካች ቁጥር ቀና ትላለች። ረቡዕ ዕለት ለልጅ ልጇ ነገረቻት፤ ዓይኗንም፣ ካርታውንም። ልጅቷ እንደ ጭስ ታባርረኛለች ብላ ፈርታ ነበር። ልጅቷ ግን «እማማ፣ ሻይ ስትቀጂልኝ ጣትሽን ብርጭቆው ውስጥ የምትከቺው ለዚህ ነው?» አለቻት። «አዎ» አለች። «እኔ ደግሞ ዕድሜ ነው ብዬ ዝም ብዬ ስጠጣው» አለች ልጅቷ፣ ከዚያ መጥታ ትከሻዋ ላይ ራሷን አስደገፈች።

ቅዳሜ ጠረጴዛውን ትወልውል አትወልውል ስታመነታ ሰዓቱ ገፋ። በመጨረሻ ወለወለችው። አራቱንም ወንበር አቆመች፤ ሦስት ማቆም የሟርት ያህል ሆኖባት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ክዳኗ ቀጭ አላለችም። ፖስታ በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም፤ እንግዲያው ቀርቷል ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ፍሬንና ሲስተር አብረው ገቡ። ሲስተር ያልተከፈተ አዲስ ካርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፍሬን ከኪሱ ሌላ ነገር አወጣ፤ ክረምት ክረምት ሲነዳ የሚያጠልቀውን የቆዳ ጓንት፣ ጣቶቹ ከማርጀት የተነሳ የጨበጠውን መሪ ቅርጽ የያዙ።

«ስሚኝ፣ እትዬ» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት።»

«ሳምንት ለአንተ አጭር ነው» አለች ሲስተር።

«ተይኝ እስቲ። አዲሱን ካርታ እዚሁ፣ እኛ እያየን ትበሺዋለሽ። የያዝሽውን በጣትሽ አንብቢ፣ መብትሽ ነው። ስታድይ ግን ይህን ጓንት ታጠልቂያለሽ። በዚህ ጓንት የመኪና ቁልፍ እንኳ ለይቼ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ጓንቱን ዳሰሰችው።  ወደ ባዶው ወንበር ዞር አለች። «ጓዴስ?»

 ልጅቷ ጆይስቲኳን ሶፋው ላይ ትታ መጣችና «እስኪመጣ እኔ ልያዝለት» ብላ የፖስታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ለመውረድ ዝግጁ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አንስታ መብሳት ጀመረች፤ ሲስተር እየጠራችላት፣ ፍሬን በትኩረት እያየ። ሃምሳ ሁለት ካርታ ቀላል አይደለም። አርባኛዋ ላይ ሲደርሱ የደብዳቤ ማስገቢያዋ ክዳን ቀጭ ቀጭ አለች።

«አለሽ፣ እመቤት?» የሚለው ድምፅ አልተሰማም። በሩ ተከፈተ፣ ፖስታ ገባ፣ ልጅቷ ተነሳች። አልተቀመጠም። አጠገቧ ቆሞ አንዲት ካርታ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ዓይኔን ጨፍኜ ሳምንቱን ሙሉ ስዳስሳት ከረምኩ» አለ። «እኔ ስድስት ነው የምለው።»

ዳሰሰቻት። ከኪስ ኪስ ስትዛወር ሙቀት ይዛለች። «ዘጠኝ ናት። የተጣበቁት ሁለቱ አምስት ናቸው።»

«የተጣበቁ ነገሮች አልተሰሙኝም።» አውራ ጣቱን አየት አደረገ። «እንግዲህ ለዚህ ጣት ያስፈልጋል። ለኔ ብትሰጪኝ እንኳ አልሰርቅበትም ነበር፣ አልችልማ።» ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እንደገና ብታዝኚልኝ ግን አልመጣም። ይቺን ልንገርሽ ብዬ ነው የዘገየሁት፤ መንገድ ላይ እንዴት እንደምለው ሳስብ።»

«አላዝንልህም» አለች።

የቀሩት ካርታዎች ተበስተው ሲያልቁ የመጀመሪያው ማደል የእሷ ነው ተባለ። ጓንቱን አጠለቀች። ሰፊ ነው፣ ጣቶቿ ውስጡ ይዋኛሉ፤ ካርታው ሁለት ሁለት እየሆነ ያስቸግራታል፣ አንዷ መሬት ወደቀች፣ ልጅቷ የካርታዋን ፊት ሳታሳይ አነሳችላት። ለፍሬን አንድ። ምንም። ለፖስታ አንድ። ምንም። ለሲስተር አንድ። ከጓንቱ ሥር ዝምታ ብቻ ነው ያለው። አድላ ስትጨርስ ጓንቱን አውልቃ የራሷን ካርታዎች በጣቷ አነበበች፤ ደህና ናቸው፣ ያን ያህልም አይደሉም። ፖስታ ምን እንደያዘ አታውቅም። ፍሬን ንግሥቷን ይዟት ይሆናል፣ ላይዛትም ይችላል። ዓይኗን ወደ ጎን ዘወር አድርጋ የፖስታን ጆሮ ፈለገች። ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች፤ ካየችው አምስት ወር ሆኗታል።

«ጣይ እንጂ፣ እመቤት» አለ ፖስታ። «ፍሬን ሆንሽብን እኮ።»

ከእጇ አንዷን መረጠች፣ ትንሽ ያዘቻት፣ ከዚያ ጣለቻት።